ተሳላሚው ሳይክለኛ

በ2016 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ሳይክል ሊነዳ ፈረንሳይ አገር ይሄዳል? እኔ ከሳይክለኞች ግሩፕ ጋር ሄድኩ። የጎተተኝ ጓደኛዬ ግርማ ነው፤ ኦክላንድ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ ሪታየር ሲያደርግ ሳይክለኛ ሆኖ አረፈው።

ተሳላሚ ሳይክለኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግርማ ቤተ ክርስቲያን ባየ ቁጥር ይወርዳል። ሄልሜቱን ያወልቃል፣ ያማትባል፣ ደጁን ይስማል። ኦክላንድ ላይ ይህ ችግር የለውም። ፈረንሳይ ግን ወንዙን ተከትላችሁ ስትሄዱ እያንዳንዱ መንደር ቤተ ክርስቲያን አለው፣ ያውም ዳገቱ አናት ላይ! እኛ ሸለቆውን ስንጨርስ እሱ ገና ሦስተኛውን መንደር ይሳለማል።

“የካቶሊክ እኮ ነው” አልኩት።

“መስቀል አለው አይደል? አንተ ጴንጤ፣ ምን አገባህ!”

እራት ላይ መሪያችን ቤቲ መጣች፤ የሳን ሆዜ ልጅ ናት።

“ጋሼ ግርማ፣ አይም ሶሪ። ግሩፑ እርስዎን ሲጠብቅ ነው የሚውለው። ነገ ከወረዱ ቀሪውን መንገድ በቫን ነው የሚሄዱት።”

ግርማ ሾርባውን ገፋው። ለዚህ ጉዞ ብሎ ሁለት ዓመት የበርክሌይን ዳገት ሲወጣ ኖሯል።

“ሳልሳለም እንዴት አልፋለሁ?” አለኝ ቀስ ብሎ። ቀኑን ሙሉ ስስቅበት የዋልኩት እኔ፣ ሾርባውን መልሼ አስጠጋሁለት።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ብቅ ሲል ግርማ አንገቱን ደፍቶ ፔዳሉን ረገጠ። እኔ፣ ደጅ ስሜ የማላውቀው፣ ቀድሜው ወረድኩ። ሄልሜቴን አውልቄ በሩ ላይ ቆምኩና ጮህኩ፦

“ና ውረድ! ከጫኑን ሁለታችንንም ይጫኑን!”