አጎቴ ሞታቸውን የለፈፉ ዕለት

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ጎህ ሲቀድ የእድር ጡሩምባ ሲጮህ መጀመሪያ የምታስቡት ስለማን ነው? ስለ ሟቹ እንዳትሉኝ። ሰው መጀመሪያ የሚዳስሰው ራሱን ነው፤ ከዚያ ጎኑ የተኛችውን፣ ከዚያ ልጆቹን። የቤቱ ሰው ሁሉ ትንፋሹ እንዳለ ካረጋገጠ በኋላ ነው «ምስኪን፣ ማን ይሆን?» የሚለው። እኔማ ከጡሩምባው ይልቅ ከጡሩምባው ቀጥሎ ያለችውን ዝምታ ነው የምፈራት። ስም እስኪጠራ ድረስ ሁላችንም ሟች ነን።

ቡራዩ ውስጥ የሰፈራችንን ጡሩምባ የሚነፉት የእናቴ ወንድም ኦቦ ቶላ ነበሩ። ሰፈሩ ይወዳቸው ነበር ለማለት ይቸግረኛል። ሠርግ ቤት ሲገቡ የሙሽራዋ እናት ፊቷ ይጠቁራል፤ የታመመ ሰው ሊጠይቁ ሲሄዱ በሽተኛው ቀና ብሎ «ምነው ቸኮሉ?» ይላቸዋል። እሳቸው ማንንም አይቀየሙም። ዝናብ ሳይሉ ብርድ ሳይሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ኪዳን አድርሰው ሲመለሱ ጡሩምባቸውን አንስተው ይወጣሉ። «ሲወለድ እልል የተባለለት ሰው ሲሄድ ስሙ ቢጠራለት ምን ይላችኋል?» ይሉናል። እኛ ደግሞ የእኛ ስም እንዳይሆን እንጸልያለን።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። ከተማው ሊሰፋ ነው፣ ገበሬው ከመሬቱ ሊነቀል ነው ተብሎ አገሩ የታመሰበት። የአምቦ መንገድ ሚኒባስ ሳያልፍበት ሲውል አይታችሁ ታውቃላችሁ? በወያላ ጩኸት ስንማረር የኖርን ሰዎች ያን ሰሞን ጩኸቱ ናፈቀን። ሱቁ ተከርችሟል፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ትራስ ውስጥ ድረስ ገብቷል፣ ውሾቹ መጮህ ትተው መሃል አስፋልት ላይ ተጋድመው ዝም ብለው ያዩናል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ውሾቹ ነበሩ።

በዚህ መሃል የባለሱቁ የከድር ሚስት ዘይነባ ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ጎረቤታችን ያለችው ጡረተኛ ነርስ አይታት ወጣችና «የልጁ አመጣጥ ልክ አይደለም፤ ሐኪም ቤት ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣቸዋለን» አለች። ከድር መኪና ለምኖ ይዟት ቢሄድ መንገድ የዘጉት ልጆች መለሱት። ለካ አንድ የሚፈልጉት ሹም በሽተኛ መስሎ አምልጧቸው ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ የታመመ የሚባል ሰው ማመን ትተዋል።

«ሬሳ ካልሆነ አናሳልፍም አሉኝ» አለ ከድር፣ አጎቴ ደጅ ላይ ዝርፍጥ ብሎ እያለቀሰ።

አጎቴ ተነሥተው ከእድሩ ቤት ቃሬዛውን አወጡ።

መካነ መቃብሩም ሐኪም ቤቱም በአንድ መንገድ ናቸው፤ ያለ ማስተር ፕላን እንዲህ አርቆ ያሰበልን ማን እንደሆነ አላውቅም። ቸግሮን የነበረው ሰው ነው። በአምስት ሰው የሚሄድ ቀብር ማን ያምናል? በየቤቱ የተደበቀውን ሕዝብ የሚያወጣው ጡሩምባ ብቻ ነው። ጡሩምባ ደግሞ ስም ይፈልጋል።

«የሷን ስም ብቻ እንዳይጠሩብኝ፣ በአላህ!» አለ ከድር። አንዱ የፈጠራ ስም እንጥራ ቢል አጎቴ ተቆጡ፤ እድሩ የማያውቀው ሰው ቢሞት ማን ይወጣለታል? ከዚያ ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ እያጠበቅኩ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሟርት ያስፈራላ! በእኛ ሰፈር ሞት ተጠርቶ ባዶ እጁን አይመለስም ይባላል።

«በዚህ ጡሩምባ ዋሽቼ አላውቅም» አሉ አጎቴ። «ውሸቱ በእኔው ላይ ይሁን። እግዜር እውነት ካደረገውም የሱ ፈንታ ነው።» አማትበው ወጡ።

ጡሩምባው ጮኸ። ያቺ የምፈራት ዝምታ መጣች። ከዚያ የገዛ ድምፃቸው፣ ቅንጣት ሳይንቀጠቀጥ፦

«የእድር ሰዎች! ኦቦ ቶላ አርፈዋል! ቀብር ውጡ!»

ወገኖቼ፣ ሟች የራሱን ሞት ሲለፍፍ ሰምታችሁ አታውቁም፤ አያሰማችሁ። በሩ ሁሉ አንድ በአንድ ተከፈተ። ነጠላውን አዘቅዝቆ የወጣው ሰው ሟቹን ጡሩምባ ይዘው ቆመው ሲያገኛቸው ደርቆ ይቀራል፤ የተሸፈነውን ቃሬዛ ያያል፤ እንደገና እሳቸውን ያያል። ጉዳዩ በሹክሹክታ ተዳረሰ። ግን ማንም ቀርቦ አልጨበጣቸውም። ሚስታቸው እትዬ ሸጊቱ ሁሉንም እያወቁ እንኳ ከውስጥ «ቶላ ኮ! ቶላዬ!» ብለው ደረታቸውን እየደቁ ወጡ። ማልቀስ ያለባቸው ለማስመሰል ነበር፤ ሳስተውላቸው ግን እንባው የእውነት ነው።

እንዲህ ሆነን ሄድን። ሟቹ ከፊት፣ ቃሬዛው ከኋላ። ከጋቢው ሥር ዘይነባ ባቃሰተች ቁጥር እትዬ ሸጊቱ ይጮሃሉ፤ ሴቶቹ ይቀበሏቸዋል። ቃሬዛውን የያዝኩት እኔ በትከሻዬ ላይ «ሬሳው» ሲንፈራገጥ ይሰማኛል።

ልጆቹ መንገዱን የዘጉበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ ዱላ የያዘ ጎረምሳ «ኤኙቱ ዱኤ?» አለ። ማን ነው የሞተው መሆኑ ነው።

«ቶላ» አሉ አጎቴ።

«ይገለጥና እንይ።»

ያን ጊዜ ዘይነባ አቃሰተች። እትዬ ሸጊቱ ድምፃቸው ተዘግቶ ኖሮ መጮህ አልቻሉም። ሁላችንም ሰማነው፤ ጎረምሳውም ሰማው። እጁን ወደ ጋቢው ሲሰነዝር አጎቴ መሃል ገቡ።

«ልጄ፣ የሞትኩት እኔ ነኝ» አሉት። «የምትገልጠውም የምትመታውም ካለ እኔን።»

ከኋላ ቆሞ የነበረ ሌላ ልጅ ድምፃቸውን ሲሰማ ደንግጦ ቀረበ። ባለፈው ክረምት የአባቱን ሞት የለፈፉለት እሳቸው ናቸው። አጎቴን አየ፤ ቃሬዛውን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ገፋና «ነፍስ ይማር» አላቸው፣ ፊት ለፊታቸው ቆሞ።

«አሜን» አሉ አጎቴ።

ዘይነባ ሴት ልጅ በሰላም ወለደች፤ ከድር ስሟን ሐያት አላት፣ ሕይወት ማለት ነው። ሰፈሩ ግን አጎቴን በጎን በጎን ያያቸው ጀመር። ሞት መጠራቱን ሰምቶ እየመጣ ይመስል አጠገባቸው መቀመጥ ቀረ። እሳቸው እየሳቁ ዓመታት ኖሩ፤ የብዙዎቻችንን ስም ጠሩ።

በቀደም ጠዋት ጡሩምባው ጮኸ። ሌላ ሰው ነበር የነፋው። «ኦቦ ቶላ አርፈዋል!» አለ። ታምኑኛላችሁ? ማንም አላለቀሰም። ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ወጣና «ዛሬ ደግሞ ማን ምጥ ይዟት ነው?» ይባባል ጀመር። እትዬ ሸጊቱ ደጃፉ ላይ ቆመው ራሳቸውን ሲነቀንቁ ነው ዝም ያልነው።

ያንኑ ቃሬዛ ይዘን በዚያው መንገድ ሄድን። ሴቶቹ እንኳ ድምፃቸውን አላሰሙም። መጀመሪያ አልገባኝም፤ በኋላ ነው ራሴንም ያገኘሁት። ሁላችንም ጆሯችንን ወደ ጋቢው አዘንብለን፣ ያቃስቱ እንደሆን እየጠበቅን ነበር።

መንገዱ የሚከፈልበት ስንደርስ፣ በቀኝ መቃብሩ በግራ ሐኪም ቤቱ፣ ማንም ሳያዘን ቆምን። ከድር ከፊቴ ነበር የተሸከመው። የሐያትን እጅ በአንድ እጁ እንደያዘ ዞር አለና በሹክሹክታ እንዲህ አለኝ፦

«ለማንኛውም በግራ ብንሞክርስ?»