የስምንት ቅል አዋጅ

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ። የጠማችሁ ግን መጀመሪያ ጠጥታችሁ ኑ፤ ወሬው የውሃ ነውና መሃል ላይ ብድግ እያላችሁ እንዳታቋርጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ስብሰባን ከለምለም ሣር አብልጠው በሚወዱበት ዘመን፣ ሾላ ምንጭ በሚባል ሸለቆ ውስጥ አንዲት እመት ሚዳቋ ትኖር ነበር። ሀብቷ ምንድን ነው ብትሉ፣ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ብርቄና ዝላይዋ። ብርቄ ገና መወለዷ ነው፤ ስትቆም እግሯ ይብረከረካል። እናቷ ከፈፋው ማዶ፣ አጋም ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃታለች። ቀን ስትግጥ ትውልና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ፈፋውን በአንድ ዝላይ ተሻግራ ታጠባታለች፣ ትልሳታለች፣ አጠገቧም ትተኛለች። ፈፋውን መዝለል ያቃተው ዞሮ መሄድ ይችላል። ዙሪያው መንገድ ግን በአያ ጅቦ ደጅ ነው የሚያልፈው።

አያ ጅቦ ደግሞ የሸለቆው ማኅበር አባል ነው። ምን ያስቃችኋል? አባል ነው እንጂ! ቀን ቀን ከፊት ተቀምጦ ያጨበጭባል። ሲመሽ የሚሠራውን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራል? ስብሰባ አርፍዶ አያውቅም፣ መዋጮ አስቀርቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ስሙ ሁልጊዜ በምስጋና ነበር የሚነሣው።

አንድ ቀን አያ ጉማሬ ከትልቁ ሐይቅ ሥልጠና ወስዶ ተመለሰ። ሥልጠና ወስዶ የመጣ ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ አንድ ነገር ሳያስለውጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰብሳቢው አያ ዝሆን ወዲያው ማኅበሩን ጠራ።

«ወገኖቼ» አለ ጉማሬ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እስከ ዛሬ የኖርነው በድንቁርና ነው። በትልቁ ሐይቅ ያለ እንስሳ ሁሉ በቀን ስምንት ቅል ውሃ ይጠጣል። ቆዳቸውን ብታዩት! አቤት ማማር! አቤት ማብረቅረቅ!»

«እዚያ የሚኖሩት እነማን ናቸው?» አለች ኤሊ አንገቷን አውጥታ።

«ጉማሬዎች» አለ ጉማሬ።

ማንም ልብ አላለውም። ሁሉም የራሱን ቆዳ እያየ ነበር።

እመት ሚዳቋ እጇን አወጣች። «አባታችን አያ ዝሆን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ጠዋት ጤዛ ያረፈበት ቅጠል ከበላሁ እስከ ማታ አይጠማኝም። ሳይጠማኝ ምን ብዬ ስምንት ቅል እጠጣለሁ?»

ጋሼ ዝንጀሮ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ዘሎ ተነሣ። «ይሄ ፀረ ውሃ አመለካከት ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ፀረ ውሃ! ፀረ ውሃ!» አለ ጉባኤው ሁሉ። ከሁሉም በላይ የጮኸው አህያ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ጎኑ ያለውን ከርከሮ ቀስ ብሎ ሲጠይቀው ተሰምቷል።

አያ ዝሆን ኩምቢውን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። «ልጄ» አላት ረጋ ብሎ፣ «ጥማት ኋላ ቀር ስሜት ነው። ከእንግዲህ የሚጠጣው በጥማት ሳይሆን በዕቅድ ነው።» ጭብጨባው ሸለቆውን አናወጠው። አምስት አምስት ሆነው እንዲደራጁ፣ በየቡድኑ አንድ ተቆጣጣሪ እንዲኖር፣ በግምገማ ሁለቴ የወደቀም ከሸለቆው እንዲወጣ ተወሰነ።

ከሸለቆው ውጭ ያለው ምን እንደሆነ እመት ሚዳቋ ጠንቅቃ ታውቃለች። አንድ ቁጥቋጦ የማይታይበት ራቁት ሜዳ ነው። ብርቄን በዚያ በሚብረከረክ እግሯ የት ልትደብቃት? እሷም እንደ ሌላው አጨበጨበች።

እሷን የመደቧት ከኤሊ፣ ከከርከሮና ከጅግራ ጋር ነው። ተቆጣጣሪያቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሼ ዝንጀሮ! በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ቅሉን ይዞ ምንጩ ዳር ቆመ። ቅሉ ደግሞ ቅል እንዳይመስላችሁ፤ ጅግራ ብትገባበት ማን አወጣት? ያቺ ምስኪን ሁለቴ ተጎንጭታ ክንፏን ብትሞክረው አልነሣ አላት።

«ጎበዝ! ጨምሪ!» ይላል ዝንጀሮ።

«አንተስ አትጠጣም እንዴ?» አለችው ኤሊ።

«እኔ ማስተባበር ላይ ነኝ» አላት ፊቱን ሳያዞር።

እመት ሚዳቋ የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ቅል ጠጣችና የቀረውን ዝንጀሮ ዘወር ሲል አፈሰሰችው። ወይ አለመታደል! እግሩ ሥር ጭቃ ሆኖ አገኘውና ግምገማ ላይ አቀረባት።

ያን ዕለት ግምገማው ራሱ መከራ ነበር። ምልዓተ ጉባኤው ሊሟላ አልቻለም። አንዱ «ለአፍታ» ብሎ ከጫካው ሲመለስ ሌላው «ለአፍታ» ብሎ ይወጣል። ሰብሳቢው አያ ዝሆን እንኳ ንግግሩን ሦስት ቦታ አቋርጦ ወደ ቁጥቋጦ ሮጧል። ዝሆን ሲሮጥ ደግሞ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ነው።

«ግለ ሂስ አድርጊ» ተባለች እመት ሚዳቋ።

«ሁለቱን ጠጥቻለሁ፣ ስድስቱን ደፍቻለሁ፤ አጥፍቻለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ግን ሆዴ ትንሽ ናት፣ እዩልኝ።»

«ሆድሽን ሰበብ አታድርጊ!» አለ ዝንጀሮ።

ይሄኔ አያ ጅቦ ከፊት ወንበሩ ተነሥቶ ጉባኤውን እጅ ነሣ። «እኔ ዛሬ አሥራ ሁለት ጠጥቻለሁ፤ ከዕቅድ በላይ ነው!» አለ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጭብጨባው ቀለጠ። አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አጠለቁለትና «ሞዴል ጠጪ» የሚል ስም አወጡለት። ለእመት ሚዳቋ ግን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

በማግስቱ ምን ታድርግ? ዓይኗን ጨፍና ስምንቱንም ጨለጠችው። ዝንጀሮ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አደረገላትና ሄደ። እሷ ተጋደመች፤ መነሣት አቃታት። እየተነሣች፣ ጫካ እየገባች፣ እየወጣች ቀኑን ጨረሰችው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ሆዷ በየእርምጃው ቦጭ ቦጭ እያለ፣ ወደ ፈፋው ወረደች።

ከማዶ ብርቄ ስታለቅስ ተሰማት። ርቧታል። እናቷ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ተንደረደረች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ከመሬት አልላቀቅ አለ። እንደገና ሞከረች፤ ያው ነው። ያ በአንድ ዝላይ የምትሻገረው ፈፋ ዛሬ ገደል ሆነባት። «ልጄን! በውሃ ልጄን ላጣት ነው!» ብላ አለቀሰች። አልቅሳ ግን አልቆመችም፤ ወደ ዙሪያው መንገድ ዞረች።

የጅብ ደጅ ጋ ስትደርስ አያ ጅቦ ከዋሻው ወጥቷል፤ የአበባ ጉንጉኑ አሁንም አንገቱ ላይ ነው። ጆሮውን አቁሞ የብርቄን ለቅሶ እያዳመጠ ወደ አጋሙ እየሄደ ነበር። እመት ሚዳቋ መንገዱ መሃል ቆመች።

«አያ ጅቦ!» አለችው ጮክ ብላ። «እኔ አልበቃህም?»

ዘወር አለ። «ኧረ እመት ሚዳቋ! ሥጋ በእግሩ መጣልኝ እንዴ ዛሬ?» ብሎ ሳቀና ተወረወረባት።

እሷ ወደ መጣችበት፣ ወደ ፈፋው፣ ከብርቄ ልታርቀው ሮጠች። ሩጫ ከተባለ ነው! ሆዷ ግራና ቀኝ እየወዘወዛት ትወላገዳለች። ኮቴው ተረከዟ ላይ ደረሰ። ትንፋሹ ጭራዋን ነካት። አበቃልኝ ብላ ዓይኗን ስትጨፍን፣ ኮቴው ጠፋ።

ዞር ብላ ብታይ፣ አያ ጅቦ ቁጥቋጦ ሥር እግሩን አንሥቶ ቆሟል።

«አንድ ጊዜ ቆዪ!» አላት እየቃተተ። «እንዳትንቀሳቀሺ፣ መጣሁ!»

እሷም ብትሆን የባሰባት ነበረች፤ ከወዲህ ባለው ቁጥቋጦ ሥር ቆመች። በላተኛና ተበይ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ሁለቱም ሥራቸውን ያዙ። የእሷ ስምንት ቅል ነው፤ አብዛኛውንም ቀን ስትመላለስ ጥላዋለች፤ ቶሎ አለቀላት። የእሱ ግን ለሞዴልነቱ ጨምሮ ጨምሮ የጠጣው ነው፤ መቼ ሊያልቅለት! ጥቂት ይራመዳል፣ ይቆማል። ደግሞ ይራመዳል፣ ደግሞ ይቆማል። «አዬ ጉማሬ! አዬ ጉማሬ!» እያለ ይራገማል። እመት ሚዳቋ በዚህ መሃል ቀለል አላት፤ ከፈፋው ጫፍ ተንደርድራ በአንድ ዝላይ ማዶ ተገኘች። ብርቄን እያጠባች እስክትተኛ ድረስ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። አያ ጅቦ ዞሮ ልምጣ ቢልም ከመጀመሪያው መታጠፊያ አላለፈም፤ ጦሙን ዋሻው ገባ።

ለሚቀጥለው ግምገማ እመት ሚዳቋ ብርቄን በጠራራ ፀሐይ፣ በዙሪያው መንገድ ይዛት መጣች፤ ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው ግን እሱ ነው። አይ አያ ጅቦ! ጎኑ ተጣብቋል፣ ጉንጉኑም ጠውልጓል።

«ይሄ ውሃ ይቅር!» ብሎ አንባረቀ። «አዋጁ ከወጣ ጀምሮ ጦሜን ነው የማድረው! መሮጥ አቃተኝ! ትናንት እንኳ ያቺን ሚዳቋ አፌ ካደረስኩ በኋላ...»

ምላሱን ነከሰ። ግን አምልጦታል።

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ከርከሮ ልጆቹን ወደ ጉያው ሳበ። ጅግራ ወደ ዝሆን እግር ጠጋ አለች። ለካ ሁሉም በየቤቱ፣ ሰሞኑን ምነው ሰላም ሆነ፣ ምነው የጠፋ ልጅ የለም እያለ ሲገረም ነበር የሰነበተው። እመት ሚዳቋም ይህን ከፊታቸው አነበበችና ብድግ አለች።

«ሐሳብ አለኝ» አለች። «መጀመሪያ ግለ ሂስ ላድርግ። የውሃን ጥቅም አላወቅሁም ነበር፤ ትናንት ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ነፍስ ያድናል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ጥቅም እኛ ተራ አባላት ከምንሻማው ለሞዴላችን ብንለቅለትስ? እኛ ሲጠማን ሲጠማን እንጠጣ። ድርሻችንን ግን አያ ጅቦ ይጠጣልን።»

ጉባኤው ለአንድ አፍታ አሰበው። ከዚያ እጅ ያለው እጁን፣ ኮቴ ያለው ኮቴውን፣ ክንፍ ያለው ክንፉን አወጣ። ኤሊ አራቱንም እግሯን ልታወጣ ስትል በጀርባዋ ተገለበጠች።

«በሙሉ ድምፅ!» አለ አያ ዝሆን በደስታ።

«በርታ ወንድሜ» አለው ጉማሬ አያ ጅቦን፤ እሱ እስከ መጨረሻውም የገባው ነገር የለም። «ለጤና ነው።»

ጋሼ ዝንጀሮ ቅሉን ሞልቶ እየሮጠ መጣና አፉ ላይ ደቀነበት። ከኋላው ሌላ ቅል፣ ከዚያም ኋላ ሌላ ቅል ተሰልፏል። አያ ጅቦ ሰልፉን አየ፣ የሚያጨበጭቡለትን አየ፣ ብርቄን ጎኗ አስጠግታ የቆመችውን እመት ሚዳቋን አየ።

«ወይ ነዶ!» አለ። «ለጤና ነው ስትሉኝ ከፊት ተቀምጬ ከማጨበጨብ፣ ለማን ጤና ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት!»