እማዬ ያጠበችው ኦይስተር

ወገን፣ ዛሬ ላይክ አልፈልግም። ዱዓ አድርጉልኝ!

ሥራዬን ለማታውቁ፦ መሀል ከተማ፣ ሚድታውን የሚባለው ሰፈር፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ኦይስተር የሚባለውን፣ ቅርፊቱ ድንጋይ የሚመስል የባሕር ፍጥረት በሽቦ ቅርጫት አድርገን ባሕር ጠረፍ ላይ ውኃ ውስጥ እንሰቅለዋለን። ውኃውን ሲያጣራ ይውላል። ከፋብሪካ የወጣ መርዝ ካለ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ አውጥተን ቴስት እናደርገዋለን።

ምስኪን! የእኛን ጉድ ሲጠጣ የሚኖር።

ትናንት ሁለት ከረጢት ኦይስተር ይዤ መጣሁ። አንዱ ከፋብሪካው አጠገብ፣ ሌላው ራቅ ካለ ቦታ። ላብራቶሪው ተዘግቶ ስለነበር ከረጢቶቹ ያሉበትን ኩለር፣ ማቀዝቀዣ ሳጥኑን፣ ኮሌጅ ፓርክ ሰፈር እማዬ ቤት አሳደርኩት።

"እንዳትነኪው" ማለት ነበረብኝ? እኛ ቤት እኮ ኦይስተር የሚበላ የለም!

ጠዋት ሳልከፍተው ይዤ በረርኩ። (አትፍረዱብኝ፣ ትራፊኩን ታውቁታላችሁ።)

አለቃዬ እየጠበቀችኝ ነበር። አጠገቧ ከጠረፍ ድረስ የመጡ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ አሉ። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ውኃ ተበክሎ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

ከፈትኩት።

ኦይስተሮቹ ያበራሉ! ከረጢቶቹ የሉም። ሁሉም በእማዬ የእንግዳ ትሪ ላይ ተደርድረዋል፤ ዳር ዳሩን ሎሚ።

ሎሚ!!

"ኢዝ ዛት ሌመን?" አለች አለቃዬ።

እማዬ ጋ ደወልኩ። "ምን አደረግሽ?"

"ውይ ልጄ! ለአለቃሽ ስጦታ ከነጭቃው ይወሰዳል እንዴ? አሳዳጊ የበደላት ይሉሻል! አንድ በአንድ ፈትጌ አጠብኩልሽ። ደስ አላት?"

ይህንን ቆሜ በእንግሊዝኛ መተርጎም ነበረብኝ። በእንግሊዝኛ ደግሞ ይብሳል!

ማጠቡስ ግድ የለም፤ እኛም ከመክፈታችን በፊት እንፈትገዋለን። ግን ተደባልቋል። የትኛው ከየት እንደመጣ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሽማግሌው ያን ሁሉ መንገድ የነዱት በከንቱ ሆነ። እንባዬ መጣ።

እሳቸው ትሪውን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ!

"የባሕራችንን ኦይስተር እንዲህ ያከበረልኝ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉ። "ቅርጫቶቹ ውስጥ ገና አለ። ቅዳሜ ነይ፣ በጀልባዬ ወስጄሽ እናወጣለን።"

አለቃዬም ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳ "ቅዳሜ ይሁን" አለች። አልተባረርኩም!

እማዬን ምን ልበላት? "በጣም ደስ አላት" አልኳት። ይኸው ወሬውን ለጎረቤቱ ሁሉ አዳረሰችው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቆሻሻ መለካት ተምሬያለሁ። "እማዬ፣ ሥራዬ እኮ ቆሻሻው ነው" ማለትን ግን ማን ያስተምረኝ?