ሲሳካ እነግራችኋለሁ

ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ለመሆኑ ስኮላርሺፕ የሚደብቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሮም ውስጥ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ አንድ ክፍል ተጋርቼ የምኖረው ከእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ጋር ነው። ሙሉጌታ ማስተርሱን ጨርሶ ለዶክትሬት ገንዘብ የሚሰጠው ይፈልጋል። ከማን? እግዜር ይወቅ። ገና በሩን ስከፍት ላፕቶፑን ጥርቅም ያደርገዋል። ምቀኛ ከሰማ ይበላሻላ!

የፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ጊዜ ሊያልቅ ነው፤ ካልተሳካለት ሻንጣውን ይዞ ወደ አገር ቤት መመለሱ ነው። የጣልያን ሽማግሌ እየተንከባከቡ በሚያገኙት ገንዘብ የሚያስተምሩት አክስቱ፣ እትዬ ወይንሸት፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ «ለልጄ ጸልዩለት» ይላሉ። «ለምን ጉዳይ?» ሲባሉ «እሱን ለእኔም አልነገረኝም» ይላሉ። እግዜርስ ቢሆን ከየት ይጀምርለት?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ከቤት ይደወልልኛል፣ እስቲ አንዴ ውጣልኝ» ብሎ አስወጣኝ። በሩ ስስ ነው፤ ጆሮዬን ምን ላድርገው? በጣልያንኛ የሚያወሩ ፕሮፌሰሮች ድምፅ መጣ። ለካስ ቃለ መጠይቅ ኖሯል!

«አሎራ፣ እሺ እንግዲህ፣ ጥናትህ በምን ላይ ነው?» አለችው አንዷ።

ሙሉጌታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱ ገና ነው፤ ሲሳካ እነግራችኋለሁ» አይላቸው መሰላችሁ!

ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ሰው ከሚከፍለው ሰው ይደብቃል?

በመጨረሻ ላብ አጥምቆት ወጣ።

«እንዴት ነበር?» አልኩት።

«ምኑ?» አለኝ።