ዳማ የተገመገመችበት ቀን

ሰው የማይለካው ነገር የለም። ቁመቱን በክንዱ፣ ገብሱን በቁና፣ ጎረቤቱን በዓይኑ ሲለካ ኖሮ ሲደክመው ያርፋል፤ ካረፈ በኋላም መቃብሩን ሌላ ሰው ይለካለታል። እኔ መለኪያ አልወድም። ሚዛን ላይ መውጣት ከተውኩ ስንት ዘመኔ! ቢሆንም አንድ ጊዜ፣ በሚሌኒየሙ ሰሞን፣ እዚሁ መንዝ ውስጥ አንዲት ትንሽ መለኪያ አይቼ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከ ዛሬም በደንብ የገጠመ አይመስለኝም።

ጊዜው የግምገማ ነበር። መሐል ሜዳ ውስጥ በጎች የሚከትብ አንድ መሥሪያ ቤት ነበረን፤ እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ነኝ። ያኔ ያልተገመገመ ሰው አልነበረም። አለቃው ይገመገማል፣ ገምጋሚው ይገመገማል፣ እኔም «ስብሰባ ላይ ታንቀላፋለች» ተብዬ ሒሴን ውጫለሁ። (አንቀላፍቼም ነበር። ምን ይደረግ፣ ስብሰባው ራሱ እሹሩሩ ይል ነበር።) ሰው ሲገመገም እንግዲህ ለምደነዋል። መኪና ሲገመገም ግን ማን አይቶ ያውቃል?

የተገመገመችው ዳማ ናት። ዳማ የመሥሪያ ቤታችን ብቸኛ መኪና፣ አሮጊት ላንድክሩዘር ስትሆን፣ ቀለሟ ዳማ ፈረስ ስለሚመስል ስሙን ያወጡላት ሾፌሯ ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። ጋሽ ወንድይራድ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ መሪዋን ለሌላ ሰው አስጨብጠው አያውቁም። ጠዋት ጠዋት የመስታወቷን ውርጭ በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉላታል። ሞተሯን ከማስነሳታቸው በፊት «እንዴት አደርሽ» ይሏታል፤ መልሱን ሳይሰሙም ማርሽ አይነኩም። ባለቤታቸው ይህን ሁሉ አይተው «በሚቀጥለው ላንድክሩዘር ሆኜ ልፈጠር» አሉ ይባላል። አልፈርድባቸውም።

ታዲያ አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር መጣ። ያረጁ ተሽከርካሪዎች ሁሉ ጉልበታቸው በመሣሪያ እንዲለካ፣ የወደቀው መኪና በጨረታ እንዲሸጥ፣ ሾፌሩም ወደ ሌላ የሥራ መደብ እንዲዛወር ያዛል። እኛ ዘንድ ሌላ የሥራ መደብ ማለት በሩ አጠገብ ያለችው የዘበኛ ቤት ነች። ጋሽ ወንድይራድ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ቀርቷቸዋል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያ «ልጄ፣ እኔስ ብዘበኝ ግድ የለም፤ እሷን ግን የማንም ድንጋይ ጫኝ እንዲጫወትባት ነው?» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ብሆን ያለ ዳማ ክትባቱን ከነበረዶው ተሸክሜ የት ልደርስ?

በሳምንቱ ኢንጂነር ብሩክ የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። ከቦርሳው ውስጥ ከኪስ ውዳሴ ማርያም የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን አወጣ። ከኋላዋ የጎማ መምጠጫ አላት፤ የዳማ መስታወት ላይ ጫን ሲያደርጋት እንደ አልቅት ነክሳ ቀረች። ሥራዋ መኪና ከቆመበት ተነሥቶ የተወሰነ ፍጥነት ላይ እስኪደርስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት መናገር ነው። ከሞተሩ ጋር የሚያገናኛት ሽቦ የላትም። እንዴት ታውቃለች ስለው፣ ሳተላይት ጠይቃ ነው አለኝ። ስንት ሳተላይት ብለው ስምንት አለኝ።

ስምንት! እኛ ኔትወርክ ፍለጋ ሞባይላችንን ከፍ አድርገን ዳገት ለዳገት የምንንከራተት ሰዎች፣ ለአንዲት የዛገች ላንድክሩዘር ምስክርነት ስምንት ሳተላይት ከሰማይ ቆሞላት አየን። እግዚኦ! ደግሞ ሰከንዷን መቶ ቦታ ትከፋፍላታለች። እኛ አገር እኮ «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ያለ ሰው ለምሳ ካልደረሰ ለራት ይደርሳል። የሰከንድን አንድ መቶኛ ምን እናደርገዋለን? ቢሆንም ደነቀኝ። ያቺን የምታህል ነገር ሰማይና ምድርን ስታነጋግር እያየሁ እንዴት አይደንቀኝ?

ፈተናው ይህ ነው። ዳማ ከቆመችበት ተነሥታ በሃያ አምስት ሰከንድ ውስጥ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ከደረሰች አለፈች፤ ካልደረሰች ጨረታ።

ችግሩ መንገዱ ላይ ነበር። መንዝ ሜዳ አያጣም፤ ቀጥ ያለ የመኪና መንገድ ግን ያጣል። ከከተማው ወጣ ብሎ አራት መቶ ሜትር ያህል ለጥ ያለ ፒስታ አገኘን። በአንደኛው ጫፍ ጠባብ ድልድይ አለ፣ በሌላኛው ጫፍ ቁልቁል መጠምዘዣ። ከመካከሉ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ጥድ የከበበው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኢንጂነሩ መንገዱን በእርምጃ ለካና በቂ ነው አለ። ጥዶቹን አይቷል፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ ግን አላሰበበትም።

የገበያ ቀን ስለነበር ሰዉ አህያውን እያቆመ ተሰበሰበ። ምንድን ነው ሲባል፣ መኪናዋ እየተገመገመች ነው ተባለ። አንድ ሽማግሌ፣ ምን አጥፍታ ነው ብለው በሐዘን ጠየቁ። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ታዛቢ ተብዬ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ኢንጂነሩ ከፊት ሳጥኗን እያየ ተቀመጠ። ጋሽ ወንድይራድ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ አማተቡ፤ ነዳጁን ረገጡት።

አቤት ዳማ! ያቺ ክትባት ስንጭንባት «ኧረ ቀስ በሉኝ» የምትል የምትመስለው አሮጊት ቅዠት እንደያዘው ሰው ብድግ አለች። ጠጠሩ ከሥር ይረግፋል፣ ሳጥኗ ትቆጥራለች፤ ሃያ፣ አርባ፣ ሃምሳ አምስት። በልቤ ጉሮ ወሸባዬ ጀምሬያለሁ። በዚህ መሀል የጋሽ ወንድይራድ እግር ከነዳጁ ላይ ተነሣ። ፍሬን ያዝ አደረጉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወደ ጥዶቹ ዞር ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ባርኔጣውን መልሰው አድርገው እንደገና ነዳጁን ረገጡት። ወዲያው መጠምዘዣው ላይ ደረስን። ቆምን።

ኢንጂነሩ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ወንድይራድም መልሰው፣ ምን ሆነ አሉት። ለምን ፍሬን ያዙ ሲላቸው፣ የዋህነቱ ገርሟቸው «ጊዮርጊስ ነዋ!» አሉ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ይወርዳል። ባላባትም ቢሆን ይወርዳል። በመኪና የሚሄድ ደግሞ ቀስ ይላል፣ ይሳለማል፣ ያልፋል። የጻፈው የለም፣ የሚቀጣበትም ፖሊስ የለም፤ ግን ይከበራል። (የተጻፈው የትራፊክ ሕግ ምን ያህል እንደሚከበር አትጠይቁኝ።) ጋሽ ወንድይራድ ጨርሰው አለመውረዳቸው ራሱ ለመንግሥት ሥራ ብለው ያደረጉት ትልቅ ቅናሽ ነው።

ኢንጂነሩ ደግ ልጅ ነው፤ እሺ ብሎ ከወዲያኛው ጫፍ እንነሣ አለ። ተነሣን። ጊዮርጊስ ግን ከዚህ ቢመጡት ከዚያ ቢመጡት ያው ጊዮርጊስ ነው። ሃምሳ ስድስት ላይ እግራቸው ተነሣ፣ ባርኔጣቸው ወረደ። ሳጥኗ «ጥፉ!» አለችን፤ ማለቴ ቁጥሯ ጠፋና እንደገና ዜሮ ጻፈች።

ያኔ ኢንጂነሩ ወደ ድርድር ገባ። «አባባ፣ ለምን አስቀድመው ተሳልመው አይመጡም?» አለ። ጋሽ ወንድይራድ አሰቡበት። አሳቡ ከእምነትም ከሥራም ጋር እንደማይጋጭ ሲያምኑ ወረዱ፤ በእግራቸው ሄደው ደጁን ሳሙ፣ ሦስት ጊዜ ሰገዱ፣ ቆመው ደግሞ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ ባይነግሩኝም እገምታለሁ፤ «ዛሬ ብቻ፣ ለሥራ ጉዳይ ነው» ነው ያሉት። ተመልሰው መጥተው፣ ጨርሻለሁ፣ አሁን ማንም አይዘኝም አሉ።

ለሦስተኛ ጊዜ ተነሣን። ሃያ፣ አርባ፣ ሃምሳ። ጥዶቹ መጡ። ጋሽ ወንድይራድ ጥርሳቸውን ነክሰው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ፣ መሪውን አንቀው ይዘዋል፣ ላብ በግንባራቸው ይወርዳል። ሃምሳ ሰባት፤ እግሩ ተነሣ! «እኔ አይደለሁም፣ እግሬ ነው!» ብለው ጮኹ። በዚያው አፍታ እጃቸው ደግሞ ባርኔጣውን እያወለቀ ነበር።

ጥጉን ይዘን ስንቆም ሳቅ ሊያፍነኝ ደርሶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ሳቁ ጠፋ። ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተዋል። «በገዛ እግሬ ገደልኳት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተሸክማኝ ዛሬ አንድ ቀን ብትለምነኝ እንቢ አልኳት» አሉ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁላቸው።

ኢንጂነሩ ሁለታችንንም አልሰማንም። ሳጥኗን ነቅሎ የመዘገበችውን እያገላበጠ ያያል። ደጋግሞ አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ አሳየኝ። ሦስቱም ጉዞ በመስመር ተስሏል፤ እንደ ዳገት ይወጣና ቁልቁል ይወርዳል። ሦስቱም ጊዜ ቁልቁለቱ የጀመረው የቤተ ክርስቲያኑ በር ሠላሳ እርምጃ ሲቀር ነው። ከዚህ ሲመጡም ከዚያ ሲመጡም፣ ሳያስቡትም አስበው ሲታገሉትም፣ ልዩነቱ አንድ እርምጃ አይሞላም። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ስንት ነገር ለክቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም፣ ማሽን እንኳ ሦስት ጊዜ እንዲህ እኩል አይሠራም አለኝ።

ስምንት ሳተላይት ከዚያ ሁሉ ከፍታ ወደ መንዝ ሲያይ ምን አገኘ? የአንድ ሰው እግር። ዕፁብ ነው፣ ድንቅ ነው! ስንት ስብሰባ ተቀምጠን ስንገመግማቸው የኖርነውን ሰውዬ ያቺ ሳጥን በአንድ ጠዋት ልካቸውን ነገረችን።

በመጨረሻ ኢንጂነሩ፣ ከፈቀዱልኝ እኔ ልንዳ አለ። ጋሽ ወንድይራድ ቁልፉን ሲሰጡት እጃቸው እንቢ ብሎ ጣታቸው አንድ በአንድ ነው የተላቀቀው። ዳማን በጆሮዋ ይመስል ዳሽቦርዷ ላይ ጎንበስ ብለው፣ «አይዞሽ፣ ልጁ ጨዋ ነው» አሏት። ከጎኑ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ከመነሻው አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

ተነሣን። ጌታዬ ሆይ፣ ያን ቀን ዳማ ሮጣለች ማለት ያንሳታል! ሃምሳ አለፈ። ስድሳ። ጥዶቹ በጎናችን ሽው ሲሉ ጋሽ ወንድይራድ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን ሰብረው፣ እስኪጠግቡ ድረስ ተሳለሙ። ሰባ። ሰማንያ! ኢንጂነሩ ፍሬኑን ይዞ መጠምዘዣው አፋፍ ላይ አቆማት። ሳጥኗ ጻፈች፦ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ከሰማንያ አራት። አየሩ በሳሳበት በዚህ ደጋ፣ በዚህ ዕድሜዋ! ከለካኋቸው ሁሉ አንደኛ ናት ብሎ ኢንጂነሩ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ገበያተኛው እልል አለ። ጋሽ ወንድይራድ ወርደው የሞቀውን ኮፈኗን ሳሙ፤ እንባቸው ጠብ ሲልበት ጭስ ሆነ። እኚያ ሽማግሌም፣ እንኳን ነፃ ወጣች ብለው አህያቸውን ነዱ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት? ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በወሩ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ዳማ ከቅርንጫፎች ሁሉ የላቀ ውጤት ስላስመዘገበች ለመንዝ አቀበት መባከን እንደሌለባት ታምኖበት፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት አገልግሎት እንድትዛወር ይላል። ዓለም ከተማ ያለው ቅርንጫፍ መኪናው በፈተናው ክፉኛ ስለወደቀችበት አዲስ ተገዝቶለታል። የወደቀችውስ? ጨረታው ስለዘገየ፣ ለጊዜው ለእኛ ተሰጠች። ጎበዟን አስረክበን፣ የሰነፏን ቁልፍ ተረከብን።

ጋሽ ወንድይራድ አልተቆጡም። አዲሷን አሮጌ መኪና ሁለት ጊዜ ዞሯት፣ በጋቢያቸው ጫፍ መስታወቷን ጠረጉላትና ለክትባት ይዘዋት ወጡ። ማታ ሲመለሱ እየፈራሁ፣ እንዴት ናት ጋሼ አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

«በጉልበት ዳማን አትሆንም፤ በሃይማኖት ግን እኔንም ትበልጠኛለች» አሉ። «ጊዮርጊስ ደጅ ስንደርስ ፍሬን ሳልነካት ራሷ ቆማ፣ ሰው ገፍቶ ካላስነሣት በቀር አልሄድም ትላለች።»