የእትዬ ጤናዬ ጥየቃ

በየሰፈሩ በሽተኛ ከበሽታው ቀጥሎ የሚፈራው አንድ ጠያቂ አይጠፋም። በሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ይህን ሹመት ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክብርት እትዬ ጤናዬ ናቸው። ሰው ታመመ ሲባል የልብስ ሱቃቸውን ዘግተው ይመጣሉ፣ ከራስጌ ይቀመጣሉ፣ በዚያው በሽታ የሞቱትን ሁሉ ከነአሟሟታቸው ይተርካሉ።

ቃልኪዳን ስኳር እንዳለባት የታወቀው ራሷን ስታ ሆስፒታል ስትገባ ነው። ኢንሱሊን ተጀመረላትና ወንድሟ ዘርአብሩክ ቤት ተኛች፤ ከእሱ በቀር ዘመድ የላትም። እትዬ ጤናዬ በማግስቱ ከተፍ አሉ።

«የጎልቦው ዋሪዮም እንዲሁ በመርፌ ነው የጀመረው» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ። «መጀመሪያ ጣቱን፣ ከዚያ እግሩን፣ ከዚያማ... ብቻ እግዜር ያውቃል። እስቲ እግርሽን አሳዪኝ።»

ቃልኪዳን ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበች። እትዬ ግን በየቀኑ መጡ፤ በየቀኑም አዲስ ሬሳ ይዘው መጡ።

«ዘሬ፣ በሞቴ በሩን ቆልፍልኝ» ብላ ወንድሟን ለመነችው።

«ምን ዋጋ አለው? በመስኮት ይገባሉ።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ወጋቸውን ከመሃል አቋረጡት። ብርድ ልብሱን ሳያስፈቅዱ ገለጡና ግራ ባቷን ዳሰሱ።

«ይኼኛው አብጧል። ይፋጃል።»

«ጡንቻዬ ዞሮብኝ ነው፣ እትዬ።»

«ዘርአብሩክ! ቱክቱክ ጥራ! ሃራካ፣ ቶሎ በል!»

መንገድ ላይ ደረቷን ወጋት፤ ትንፋሽ አጠራት። እትዬ ጤናዬ ጭናቸው ላይ አስተኝተዋት ስለ ሞተ ሰው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ቃልኪዳን የምር የፈራችው ያኔ ነው።

ሐኪሙ ባቷ ውስጥ ደም ረግቶ ቁራጩ ወደ ሳንባዋ መሄዱን ነገራቸው።

«ልጅ ናት እኮ! ስኳሩም ገና መጀመሩ ነው» አለ ዘርአብሩክ።

«ገና ሲጀምርም ደም የሚያቆሙት ፕላትሌቶች ይቆጣሉ፤ ቁስል ሳይኖር እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እሷ ደግሞ ውሃ አጥሯት ነበር፣ ተኝታም ከረመች። ትተርፋለች። እንደ ድሮዋ ለመተንፈስ ግን ጊዜ ይፈጅባታል፤ ላይመለስላትም ይችላል።»

አመሻሹ ላይ ነርሷ ቢፍቱ መጣች።

«ጠያቂ ይውጣ። ማማ፣ እርስዎ ምኗ ነዎት?»

እትዬ ጤናዬ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ቃልኪዳን የኦክስጅኑን ጭንብል ፈቀቅ አድርጋ የነጠላውን ጫፍ ያዘች።

«እናቴ ናቸው» አለች እያለከለከች። «አይወጡም።»