አንድ እስር ቄጠማ

በዓል እንደ እንግዳ ነው ይባላል። ውሸት ነው! እንግዳ ሲሄድ እስከ በር ይሸኛል፣ ደጃፍ ላይ እንደገና ወሬ ይጀመራል፣ «እንዳትጠፋ» ይባላል። በዓልን ግን ማን ሸኝቶት ያውቃል? ሲያስቀን ያመሽና ጠዋት ስትነሱ የለም። ትቶላችሁ የሚሄደው ያልታጠበ ድስት፣ የተነፋ ሆድና አንዲት ጥያቄ ብቻ ነው፤ «መቼ ነው የምትሄደው?» የምትል።

ይቺ ጥያቄ ጅጅጋ ውሎ ጅጅጋ ለሚያድር ሰው ምኑም አይደለችም። እሱ ሄደ ቢባል የሚሄደው እስከ ቢሮው ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ተመልሶ የተረፈውን ወጥ ይጠርጋል። እንደ እኔ እንጀራው ድንበር ማዶ ለሆነበት ሰው ግን ጥያቄዋ ከጎን አጥንት ሥር ነው የምትገባው።

እኔ ሐርጌሳ ውስጥ የወለል ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። በዚያ ከተማ ሰው ሳይንሸራተት የሚሄድበት ወለል ካያችሁ የእኔ ሥራ ነው። የሚንሸራተትበትም የእኔ ነው፤ እሱን በልምምድ ጊዜ ነው የሠራሁት። ትምህርት ቤት ገብተህ ታውቃለህ ወይ ለሚለኝም አዎ ነው መልሴ። ገብቼ ወለሉን ሠርቼ ወጥቻለሁ።

እና ያለፈው ፋሲካ ጅጅጋ እናቴ ቤት ዋልኩላችሁ። በላሁ። እንዲያው በላሁ ስል አትናቁት፤ የበጉ ዘመዶች ቢሰሙ ሐዘን ይቀመጡ ነበር። ሐሙስ ላይ ግን ፊቴ ጠቆረ፣ እህሉም እንቢ አለኝ። ሸደር ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነርስ የሆነች የአክስቴ ልጅ አለች፤ ሰላማዊት ትባላለች። አየችኝ፣ ስልኳን ጎረጎረችና «ወንድምዓለም፣ ይሄ እኮ ስም ያለው ነገር ነው። ከበዓል በኋላ ወደ ሥራ የሚመለስ ሰው ላይ የሚወጣ ድብርት ነው» አለችኝ።

መድኃኒቱስ ብላት ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። ውሃ በብዛት ጠጣ። በእግርህ ተንሸራሸር። ሥራህን ቀስ ብለህ ጀምር።

ውሃ በብዛት! ጅጅጋ ላይ! ይሄን ምክር የጻፈው ሰው ጀሪካን ተሸክሞ እንደማያውቅ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። እናቴ እኔን ስትሸኝ የምታፈሰውን እንባ ብናጠራቅመው ሰፈሩን ለሁለት ቀን ያጠጣ ነበር። ቀስ ብለህ ጀምር የሚለውን ደግሞ ለአሠሪዬ ለሐጂ ንገሩልኝ። ሐጂ በስልክ ያለኝ ይህን ነው፤ «ወርያ፣ የሙሽራው ቤት ሳሎን ወለሉ አላለቀም፤ ሠርጉ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ካላየሁህ ወላሂ ሌላ ሰው አስገባለሁ።» ሐጂ ወላሂ ካለ አለቀ፤ እግዜርም ጣልቃ አይገባም።

ታዲያ እኔ ተሸነፍኩ? ምን ሲደረግ! እኔ የወታደር የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ ለስድስት ወር ተብሎ ጅጅጋ ተመድቦ እንቢ አልመለስም ብሎ የቀረ ሰው ነው፤ እንቢታ በደሜ አለ። ለሰላማዊት እንዲህ አልኳት፤ ድብርት ከእኔ ጋር ድንበር መሻገር ካማራት መጀመሪያ ፓስፖርት ታውጣ! ደግሞስ በዓሉ አለቀ ያለው ማነው? ከፋሲካ እስከ ዳግም ትንሣኤ ያለው ሳምንት እንደ አንድ ቀን ይቆጠራል ሲሉ ቄሱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሥጋ በሚበላበት ዓርብ ወደ ሥራ ሂድ ከተባልኩ እሄዳለሁ፤ ግን በዓሉን ይዤው ነው የምሄደው!

እናቴ ሳቀችና «በምን ልትይዘው ነው ልጄ፣ በጆንያ?» አለችኝ። እሷ ቀልዷን ነበር። እኔ ግን ሄጄ ጆንያ አመጣሁ።

አሁን ጥያቄው ከበዓል ምኑ ይያዛል የሚለው ሆነ። ዶሮ ወጡ በዚያ ሙቀት ድንበሯ ከተማ ውጫሌ ሳይደርስ ይኮመጥጣል። በግ እንዳልወስድ ማዶ በግ ከሰው ይበዛል። ጠላውን ይዤ ሐርጌሳ ብገባ ጠላውም እኔም አንወጣም። ዐይኔ ወለሉ ላይ አረፈ። ቄጠማው!

አትሳቁ። የሰው ወለል ሳብለጨልጭ የምውለው ሰውዬ የእኔ ክፍል ወለል ሊሾ እንኳ አልነካውም፤ ጥሬ ሲሚንቶ ነው። እሑድ ጠዋት፣ የዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ ከአልጋ ስወርድ እግሬ ቄጠማ ላይ ካረፈ ድብርት በየት በኩል ትገባለች? ቄጠማ ላይ ቆሞ የሚተክዝ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ችግሩ መጠውለጉ ነው። ግን እኔ መላ አላጣም። በዚህ ዓለም ላይ ቅጠል ሳይጠወልግ አገር የሚያሻግር ማነው? ጫት ነጋዴ! ጎረቤታችን ኤዶ ሂንዳ ደግሞ የጫት ነጋዴዎች ንግሥት ናት። ኤዶ ማለት በሱማሊኛ አክስት ነው፤ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት። ገና ከገበያ የመጣ ትኩስ ቄጠማ ታቅፌ ስሄድባት «ወርያ፣ ፍየል ልታረባ ነው እንዴ?» አለችኝ። ነገሩን ሳስረዳት ግን እጅጌዋን ሰበሰበች። አጠበችው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለችው፣ በሙዝ ቅጠል ደረበችው፣ በገመድ ጠፍራ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ከተተችው። «እንኳን ሐርጌሳ ሞቃዲሾ ቢደርስ አይጠወልግም፤ በሂንዳ እጅ የታሰረ ነው» ብላ መርቃ ሰጠችኝ። እኔም በደስታ ተቀበልኩ። አንድም ሰው፣ እናቴም ሰላማዊትም፣ «አንተ፣ ይሄ ነገር ሌላ ነገር አይመስልም?» አላለኝም።

ዓርብ ከሰዓት ሚኒባሱ ኬላ ላይ ቆመ። ፈታሹ ፊቱ የተቆለፈ ሻንጣ የመሰለ፣ ቀጭን ረጅም ሰው ነው። ጆንያዬን አነሳና ክብደቱን ለካ፣ አሸተተ፣ የሙዝ ቅጠሉን ጫፍ አየ። «የማነው?» አለ። ጅጅጋን ከለቀቅን ጀምሮ በቀልዴ ሲስቁ የነበሩት ተሳፋሪዎች በሙሉ ድንገት በመስኮት የሚታየው ሜዳ አማራቸው።

የእኔ ነው አልኩ በኩራት።

«ምንድነው?»

በዓል ነው አልኩት።

ልብ በሉ፣ ኬላ ላይ እውነት መናገር ይሄን ያህል አደገኛ ነው። ከሚኒባሱ አስወረደኝ። ቄጠማ ነው ጌታዬ፣ ቄጠማ ብዬ ብነግረው «ቄጠማ በሙዝ ቅጠል? በእርጥብ ጆንያ? ወደ ውጫሌ?» እያለ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም በሱ ቦታ ብሆን ራሴን አስር ነበር። ጥግ ላይ ቀደድ አድርጎ ሣሩን ሲያይም አልተመለሰም። «ላዩ ሣር፣ ውስጡ የኮንትሮባንድ ጫት። ስንቱን አይተናል! በል ጊዜ የለኝም፤ እሱን እዚህ ጣልና ሂድ፤ ምሬሃለሁ» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምህረቱን ተቀብሎ መሬት ስሞ ይሄድ ነበር። ሾፌሩም «ወርያ፣ ጣለውና ግባ! ድንበሩ ሊዘጋ ነው፤ አሥር ደቂቃ ነው የምጠብቅህ!» ብሎ ጮኸ። ነገሩ ግልጽ ነው። ጥዬው ከሄድኩ ሳሎኑ የእኔ ነው። ከጆንያዬ ጋር ከቀረሁ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሌላ ሰው የእኔን ወለል ያነጥፋል።

አልጥልም አልኩ።

«ለሣር?!» አለች አንዲት ተሳፋሪ ከነጆሮ ጌጧ በመስኮት ብቅ ብላ። አዎ ለሣር! ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል። ይሁን፤ ማዶ ዓመቱን ሙሉ ተጭኛለሁ፣ ተለጉሜአለሁ፣ ተንበርክኬ ጉልበቴ ሴራሚክ ሆኗል። ይሄ ኬላ ግን ያለው አገሬ ውስጥ ነው። እዚህስ አልለጎምም! ጫት ነው ካልከኝ አስቀምሰው አልኩት።

ፈታሹ ባልደረባውን ጠራ። አብዲ የሚባል፣ ጉንጩ ራሱ የትምህርት ማስረጃ የሆነ፣ የጅጅጋ ልጅ ነው። ከእስሩ እምብርት አንድ ዘለላ መዘዘ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ አኘከ። ሚኒባሱ በሙሉ በመስኮት አንገቱን አሰገገ። አብዲ ቀስ ብሎ ተፋና «ይሄ ጫት ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ» አለ።

በዚህ መሀል ከየት እንደመጣች እንጃ አንዲት ፍየል በቀዳዳው በኩል አንድ አፍ ሙሉ ነጨች። እኔ ደስ አለኝ። ይኸው ምስክር፣ ፍየል የበላችው ሣር ነው ብዬ ጮኽኩ። ፈታሹ ግን የፍየሏን ፊት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «የዚህ አገር ፍየል የጫት ገረባ እየለቀመች ያደገች ናት። እንዲያውም እንደሱ ስትሮጥለት ነው ይበልጥ የጠረጠርኩት» አለ። ምን ትሉታላችሁ? የፍየሏ የኋላ ታሪክ በእኔ ላይ ተቆጠረ።

«ፍታውና እስከ መጨረሻው ዘርግፈው» አለኝ። አቧራ ላይማ አልዘረግፍም፤ ቄጠማ ቤት ውስጥ ነው የሚነጠፈው ብዬ ክርክር ገጠምኩ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ አብዲ ሳቀ፤ በመጨረሻ የቆርቆሮ ክፍላቸውን በር ከፈቱልኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ጥግ ላይ ባዶ የብስኩት ካርቶን። ወለሉን አየሁት። ሙያ ክፉ ነው! ጉልበቴ ራሱ ታጠፈ። ከውስጠኛው ግድግዳ ጀምሬ ወደ በሩ እያፈገፈግሁ፣ ልክ ሴራሚክ እንደማነጥፈው፣ ሳላዘንፍ ሳላዛባ በተንኩት። ኤዶ ሂንዳ እጇ ይባረክ፣ አሁን ከውሃ ዳር የታጨደ ነበር የሚመስለው። ያ ቆርቆሮ ቤት ሽታው ተለወጠ፤ ዓመት በዓል ዓመት በዓል አለ።

ጨርሼ ቀና ስል ፈታሹ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ኮፍያውን አውልቋል። አንድ እግሩን አነሳና ጫማውን አይቶ መልሶ ውጭ አኖረው፤ አቧራ ነበረው። አብዲ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አቶ ሙሉቀን ቤተሰቡ ጎጃም ነው። ፋሲካን ተረኛ ነበር፤ እዚሁ ነው በብስኩት የፈሰከው» አለኝ።

እኔ ሰላማዊት ከስልኳ ያነበበችልኝ በሽታ የያዘኝ መስሎኝ ነበር። ለካ በሽታው እዚህ ኬላ ላይ ቆሞ የሰው ጆንያ ይፈትሻል።

አቶ ሙሉቀን «ጫት አይደለም። ሰብስበውና ሂድ» አለ፤ ግን ዐይኑ ወለሉን አልለቀቀም።

ጎንበስ አልኩ። ቄጠማ ይነጠፋል እንጂ ይለቀማል? ከሰው እግር ሥር በዓል ለቅሜ እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች? የተነጠፈ አይነሳም ጌታዬ፣ እንኳን አደረሰዎ አልኩት። «እንኳን አብሮ አደረሰን» አለኝና ያ የተቆለፈ ሻንጣ ፊት ተከፈተ፤ ለካ ውስጡ ጥርስ አለ። ጫማውን አራግፎ ገባ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስወጣ አንድ እፍኝ ኪሴ ከትቻለሁ። ጻድቅ ነኝ አላልኳችሁም።

ድንበሩ ሊዘጋ ሲል አለፍን። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ሐጂ በር ላይ ሰዓቱን እያየ አገኘኝ፤ ሳሎኑም ለሠርጉ ደረሰ፣ ሙሽሮቹም እስካሁን አልተንሸራተቱም። ዳግም ትንሣኤ ዕለት ያቺን እፍኝ ከአልጋዬ አጠገብ በተንኳት። ለአንድ እግር ነበር የምትበቃው፤ በአንድ እግሬ ቆሜ አከበርኩ። ሰላማዊት ደውላ ድብርቱስ ብትለኝ ኬላ ላይ ተይዛ ቀርታለች አልኳት።

ወጉ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን እንቁጣጣሽ መጣ።

እንቁጣጣሽንም ጅጅጋ ዋልኩ። ስመለስ ግን ልብ ገዝቻለሁ። ሐጂ እንደ ልማዱ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ብሎ ወላሂ ብሏል። ኤዶ ሂንዳ «ልሰርልህ?» ብትል እግሯ ላይ ወድቄ ተዪኝ አልኳት። አንዲት ንጹሕ ሻንጣ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ። አረንጓዴ ካልሲ እንኳ አልያዝኩም! ዓርብ ከሰዓት ኬላው ላይ እንደ ንጹሕ ሰው አንገቴን ቀና አድርጌ ወረድኩ።

አቶ ሙሉቀን ገና ሲያየኝ ፊቱ በራ። ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ፈተሸ። ሸሚዞቹን ዘረጋቸው፣ አራገፋቸው። ደግሞ ፈተሸ። ከሚኒባሱ ወንበር ሥር ተጎነበሰ። ከዚያ ቀና ብሎ «የት አለ?» አለኝ።

ምኑ ጌታዬ?

«ምኑ ይለኛል እንዴ! ወለሉን ጠርገን እየጠበቅንህ!» አለና ወደ ቆርቆሮው ቤት ጠቆመኝ። አብዲ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን አራግፏል። ያቺ ፍየል ሳትቀር ከጎኑ ቆማለች። ምንም አልያዝኩም ብዬ ብምል ብገዘት፣ ሾፌሩ ጡሩምባ ቢነፋ፣ አቶ ሙሉቀን ሻንጣዬን አቅፎ «ባዶህን አታልፍም» አለ።

ኤዶ ሂንዳ ጋ ተደውሎ፣ እስሩ በሌላ መኪና ተልኮ፣ ተነጥፎ፣ እንኳን አደረሳችሁ ተባብለን፣ ድንበሩም ተዘግቶብኝ እዚያው አድሬ ሐርጌሳ የገባሁት ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ኬላ ላይ ተያዝኩ ስለው ሐጂ ክንዱን አጣምሮ «ምን ይዘህ ተያዝክ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ምንም ሳልይዝ አልኩት።